ወርቄ አምባ እርጥብ ነው

ሰኔ 27

ደብረ ታቦር፤ ዝናብ። ጫማዬ ከደረቀ ቆየ። የምከራየው ክፍል ግድግዳ ሻግቷል፣ ሹራቤ ሳይቀር ሻጋታ ሻጋታ ይሸታል። ይህን ደብተር የገዛሁት ንዴቴን ሰው ላይ ከማፍሰስ እዚህ ላፍስሰው ብዬ ነው።

ዛሬ የፕሮጀክቱ ኃላፊ ዶክተር አስናቀ ሥራ አከፋፈሉን። ጫማቸው ላይ ጠብታ ጭቃ የለም፣ ግን ስለ አፈር ግማሽ ቀን ሲያወሩ ዋሉ። ነገሩ እንዲህ ነው። ሪአናሊሲስ የሚባል መረጃ አለ፤ ኮምፒውተር የሳተላይቱን፣ የጥቂት ጣቢያዎችንና ያለፉትን ዓመታት የአየር ጠባይ ቀላቅሎ «እዚህ ቦታ አፈሩ ይህን ያህል እርጥብ ነው» ብሎ ይገምታል። አገሩን በካሬ በካሬ ከፋፍሎ ያስቀምጠዋል። የዞኑ ኮሚቴ ዘንድሮ የመጠባበቂያ ዘር የሚሰጠው በዚህ ካርታ ላይ ደርቀው ለታዩ ቀበሌዎች ብቻ ነው። እኛ ደግሞ መሬት ውስጥ መለኪያ ቀብረን ግምቱ ልክ መሆን አለመሆኑን እንመሰክራለን።

ለእኔ የደረሰኝ በእብናት በኩል ያለው ወርቄ አምባ የሚባል ቀበሌ ነው። ደረቅ አገር ነው። ካርታው ግን ከበላዩ ካለው ዝናባም ደጋ ጋር በአንድ ካሬ ጨፍልቆታል። ከላይ የዘነበውን ከታች ላልዘነበበት ያካፍለዋል። ስለዚህ የወርቄ አምባ እውነት በሙሉ የሚወድቀው በምቀብረው መለኪያ ላይ ነው። ስንት መለኪያ ሰጡኝ? አንድ። የቀረው በጀት ለአዳራሽና ለውሎ አበል ሄዷል። ያስጠላል። አይበቃም ማለት ሲገባኝ ተቀብዬ ወጣሁ፣ እሱም ያስጠላል።

ሐምሌ 9

ሄደን መጣን። ወገቤ ተቆርጧል።

የወሰደን ሙሄ ነው፣ የፕሮጀክቱ ሾፌር። የደብረ ታቦር ገበያ ልጅ ነው፤ ምላሱ አታርፍም። መለኪያውን አቅፌ ስቀመጥ «አዲስ፣ ይህችን ብረት ቀብረሽ ስታበቂ ተዝካሯንም ታወጪያለሽ?» አለኝ።

የቀበሌው ሊቀመንበር እንግዳ ሲመጣበት የሚወስድበት ቤት አንድ ብቻ ነው፤ የአቶ ፈንታሁን ቤት። ሞዴል አርሶ አደር ናቸው። የምስክር ወረቀታቸው በግድግዳው ላይ ተደርድሯል፤ ባለሥልጣን ይምጣ ተማሪ ይምጣ የሚጎበኘው የሳቸው ማሳ ነው። ማሳው ወንዝ ዳር የተዘረጋ ሜዳ ነው። ከላይ ተረተሩ ላይ ድንጋያማ እርሻ ይታየኛል፣ የቀበሌው አብዛኛው ሰው የሚያርሰው እዚያ ነው። «እዚያ ብንቀብረውስ?» አልኩ። ሊቀመንበሩ ደነገጠ። «ኧረ እዚያማ እንግዳ አይወሰድም፤ ያሳፍረናል!» አለ። አብሮን የመጣው የፕሮጀክቱ ፎቶ አንሺ ደግሞ ሜዳው ለፎቶ ይመቻል አለ። ደመናውም እየከበደ ነበር፣ እኔም ደክሞኛል። ሜዳው ላይ ቀበርነው።

አቶ ፈንታሁን ብረቱን ጎንበስ ብለው እያዩ «ልጄ፣ ይኸ ነገር ምግቡ ምንድን ነው?» አሉኝ።

«እርጥበት ነው አባቴ። እርጥበት ካጣ ይሞታል» አልኳቸው።

ሁሉም ሳቀ። ከሁሉም በላይ ፎቶ አንሺው ሳቀ። እሳቸው ግን ራሳቸውን ነቀነቁና «አንቺ ብቻ በሰላም ግቢ፤ እኔ አለሁለት» አሉ።

ስንወጣ አንዲት ሴት መንገድ ላይ ቆማ ጠበቀችን። ወይዘሮ ፈንታነሽ ትባላለች፤ ባሏ ሞቶባት ብቻዋን በእኩል የምታሳርስ፣ ማሳዋ ያው ተረተሩ ላይ ነው። «እኔም ዘንድ ቅበሪልኝ እንጂ እህቴ፤ የኔ መሬት መሬት አይደለም?» አለችኝ። ሌላ ጊዜ አልኳት። ስልክ ቁጥሬን ጠየቀችኝ፣ ሰጠኋት። ሰው ሲለማመጠኝ ደሜ ይፈላል። ለምን እንደሚፈላ እንጃ።

ሐምሌ 21

መረጃው በስልክ መስመር እየገባ ነው። ኮምፒውተሩ እርጥብ ይላል፣ መለኪያውም እርጥብ ይላል። ሁለቱ መስመሮች ተያይዘው ይሄዳሉ። እንዲህ ያለ መግጠም በመጽሐፍም አላየሁም።

አንድ ነገር ብቻ አለ። የመለኪያው መስመር ጎህ ሲቀድ ሲቀድ ትንሽ ጉብ ይላል። ጤዛ ይሆናል። ጉብታውን አለሳልሼ ከሥዕሉ አወጣሁት። ዶክተር አስናቀ ከትከሻዬ በላይ አይተው «ይኼ ነው ሥራ!» አሉ። የአፋቸው ሽታ ግማሽ ሲጋራ ግማሽ ማስቲካ ነው።

እዚህ መዝነቡን አላቆመም። ከቢሮ በር እስከ አስፋልቱ ድረስ ጭቃ፣ ባጃጆቹ ያንኑ ጭቃ ይረጩብናል።

ሐምሌ 30

ሙሄ ሰው ሊያደርስ እብናት ወርዶ ነበር። ሲመለስ አልቀለደም። «አዲስ፣ በሬ እንደ ዶሮ ነው የሚሸጠው። ጤፉ ቢጫ ሆኗል። ዝናቡ ከቆመ ቆየ አሉኝ» አለ።

«ገበሬ ሁልጊዜ እንዳለቀሰ ነው» አልኩት።

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ፣ የጋፋት ገበሬ ልጅ። አባቴ ቢሰማ ምን ይል ነበር? ግን መለኪያው አለ፣ ካርታው አለ። ሁለት ምስክር እያለኝ የገበያ ወሬ ልስማ? ሙሄ ስለ አፈር ምን ያውቃል?

ነሐሴ 6

ወይዘሮ ፈንታነሽ ደወለች። ድምጿ ይቆራረጣል፣ ከኮረብታ ላይ ሆና ነው የምትጮኸው።

«እህቴ፣ የቀበርሽው ነገር ምን አለ?»

«ደህና ነው፤ እርጥበት አለ ይላል።»

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ሃሎ ሃሎ አልኩ።

«የት ያለውን እርጥበት ነው የሚያይ?» አለች። «የኔ ጤፍ እኮ ረግፎ አለቀ። ሽምብራ እንኳ እንድዘራበት ዘር ብትሉልን። ያለችኝን ዘር በልተናታል።»

ለሚመለከተው አካል አቀርባለሁ አልኳት። የሚመለከተው አካል! ከአፌ ሲወጣ ራሴን ታዘብኩት። ለማንም አላቀረብኩም። ጾሙ ራስ ምታት አድርጎብኛል፣ ለዚያ ይሆናል የከፋኝ።

ነሐሴ 13

ቡሄ። ከተማው በስሙ የተጠራበት በዓል ነው፣ ጅራፉ ይጮሃል፣ እኛ ግን አዳራሽ ውስጥ ነን። ከአዲስ አበባ የመጡት እንግዶች የሚመለሱት ነገ ስለሆነ በበዓል ተሰበሰብን። ጾመኛው ከማይጾመው ሳይለይ ሁሉም ስለ ምሳው ነው የሚያወራው።

የሠራሁትን የሁለት መስመር ሥዕል ግድግዳ የሚያህል አድርገው አሳዩት። «ወርቄ አምባ እርጥብ ነው» አሉ ዶክተር አስናቀ፣ «መሬቱም ሰማዩም አንድ ቃል ተናግሯል። የመጠባበቂያ ዘር አያስፈልገውም።» የኮሚቴው ሰብሳቢ ጻፈ። ተጨበጨበ። ከጎኔ የተቀመጠው ሰውዬ «ልጅቷ ጎበዝ ናት፤ ከቢሮ ሳትወጣ ድርቅ አጠፋች» ሲል ሰማሁ። ያሾፍ ያድንቅ ፊቱ አያስታውቅም።

እጄን ላወጣ አስቤ ነበር። ስለዚያች ጉብታ አንድ ነገር ልል። ከዚያ ሻይ ተባለ፣ ሰው ሁሉ ተነሣ።

ነሐሴ 17

መለኪያው ዝም አለ። ባትሪ ይሆናል። ነገ እንወርዳለን፣ መንገዱ ክፍት ነው ብለዋል።

ከዩኒቨርሲቲው ቤተ ሙከራ በእጅ የሚያዝ መለኪያ ተዋስኩ። ለምን እንደተዋስኩ ለራሴም አልነገርኩም።

ነሐሴ 18

ሁሉንም ልጻፈው።

እብናትን አልፈን ስንወርድ ሙሄ መኪናውን አዘገየ። ግራውም ቀኙም ቢጫ ነው። ከመስኮቱ ትቢያ ይገባል። በክረምት ትቢያ! ሙሄ ቀና ብሎም አላየኝም፣ እንዳይናገረኝ የፈራሁት ቀልድም አልመጣም።

የአቶ ፈንታሁን ማሳ ደረስን። ወንዙ ኩሬ ኩሬ ሆኖ ቀርቷል። ጤፋቸው ቁመቱ ከቁርጭምጭሚቴ አይበልጥም፣ ጫፉ ነዷል። መሐል ላይ ግን መለኪያው ያለበት ቦታ፣ እንደ መሶብ ክብ ሆኖ፣ አረንጓዴ ነው። ሣሩ ለምልሟል። እሾህ አጥረውበታል። አፈሩን በጣቴ ነካሁት፤ ጭቃ ነው።

አቶ ፈንታሁን ደስ ብሏቸው መጡ። «አየሽው ልጄ? አንድ ቀን አላስጠማሁትም። ጎህ ሲቀድ ሲቀድ ነው የማጠጣው፣ ፀሐይ ሳይመታው።»

«ውሃውን ከየት ያመጡታል?» አልኳቸው።

«ከላይ ከምንጩ። ወንዙ ከከዳን ወዲህ ባለቤቴ በማድጋ ታዝላለች። ምን ይደረግ፣ የመንግሥት አደራ ነው። ለጤፉ አይዳረስም፣ ለዚች ግን በቂ ነው። ምግቡ እርጥበት ነው፣ ካጣ ይሞታል ብለሽኝ የለ?»

ባለቤታቸው በር ላይ ቆመው ነበር፣ የማድጋው ማሰሪያ ትከሻቸውን ልጦታል። እንዲህ ያለ ጅልነት አይቼ አላውቅም ብዬ ልጽፍ ነበር። አልጽፍም። ጅሉ እሳቸው አይደሉም።

ተረተሩን ወጣሁ። ወይዘሮ ፈንታነሽ እንኳን ደህና መጣሽ አላለችኝም። «ይኸው፣ ውጊበት» ብላ ማሳዋን አሳየችኝ። የተዋስኩትን መለኪያ ወጋሁ፤ አፈሩ ድንጋይ ሆኖ ብረቱ አልገባም አለ። እሷ በዶማ ፈልፍላ አስገባችልኝ። ደረቅ። ሌላ ቦታ፤ ደረቅ። ማንበብም አያስፈልግም ነበር፣ ሰው እያየኝ ስለሆነ ብቻ ነው ያነበብኩት።

«አሁንም ዝናብ አንዴ ጣል ካደረገ ሽምብራ ይይዛል» አለች። «ዘሩ በጊዜ ከደረሰ ነው ታዲያ። ከዘገየ መሬቱ መልሶ ይጠጣዋል።»

በመመለሻችን ሙሄ ደብረ ታቦር እስክንገባ ድረስ ሬዲዮ ከፍቶ ነዳ።

ነሐሴ 20

ዶክተር አስናቀ ዘንድ ገባሁ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ሁሉንም ማለቴ ስለ ውሃው፣ ስለ ሜዳው፣ ስለ ተረተሩ።

መጀመሪያ በሩን ዘጉ። «ሪፖርቱ ሄዷል እኮ! ፈርሜበታለሁ!» አሉ። እዚያና እዚህ ተንጎራደዱ። ከዚያ ቁጭ ብለው ለስለስ አሉ፣ ሲለሰልሱ ነው የሚያስፈሩኝ። «አዲስዓለም፣ እኛ አልተሳሳትንም። መረጃው በአርሶ አደር ጣልቃ ገብነት ተበላሽቷል። እንዲህ ብለሽ አቅርቢው። ያኔ ኮሚቴው ውሳኔውን ይከልሳል፣ ዘሩም ይሄዳል፣ የኛም ስም ይተርፋል። ምን ጎደለ?»

ፈገግታቸውን ማየት አቃተኝና መስኮቱን አየሁ።

ግን ዘሩ ይሄዳል። ዋናው እሱ አይደል? ወይዘሮ ፈንታነሽ ዘር እንጂ የኔን ኑዛዜ ምን ታደርገዋለች? ሜዳውን መርጣለች፣ ቀልዳለች፣ ጉብታውን አለስልሳለች ተብሎ ቢነገር ኮሚቴው «እንግዲያውስ ጥናቱ እንደገና ይጀመር» ይላል፤ ያ ማለት ለሚቀጥለው ዓመት ነው። እንዲህ ነው ነገሩ። በእውነት እንዲህ ነው።

ነሐሴ 22

እብናት በኩል ዘነበ አሉ። ደህና አድርጎ ዘነበ። አሁን ቶሎ ነው።

ነሐሴ 24

ኮሚቴው ዘንድ ቀረብኩ። መረጃው በአርሶ አደር ጣልቃ ገብነት ተበላሽቷል፣ ትክክለኛው ልኬት ደረቅ ነው አልኩ። ከተረተሩ ላይ የለካሁትን አሳየሁ። ወዲያው ተወሰነ፤ ወርቄ አምባ የሽምብራ ዘር ይሰጠው።

ሰብሳቢው እስክሪብቶውን ሳያስቀምጥ «ያበላሸው ማነው?» አለ።

ስም ያስፈልጋል ወይ አልኩ። ያስፈልጋል አለ።

ተናገርኩ።

ሐሰት አልተናገርኩም። ውሃ አጠጥተዋል ወይስ አላጠጡም? አጠጥተዋል። ሙሄ ውጪ ይጠብቀኝ ነበር። «ቀልዱንስ ነገርሻቸው?» አለኝ። «ቀልድ ሪፖርት ውስጥ አይገባም» አልኩት። ቁልፉን በጣቱ ሲያሽከረክር ቆይቶ «እንደሱ ነው?» አለና ሞተሩን አስነሣ። ይህ ሰው ከሚሰድበኝ የባሰ ነገር አገኘ፤ አከበረኝ። ከዚያ በኋላ አዲስ አላለኝም፣ አንቱ አለኝ።

ነሐሴ 28

እንጀራው ኮመጠጠኝ፣ ውሃው የቧንቧ ዝገት ይላል። ሁሉ ነገር ይቀፈኛል።

ጳጉሜን 3

ዘሩ ደረሰ። ወይዘሮ ፈንታነሽ ደወለችልኝ። ዘርታለች። አፈሩ ገና ጥሩ ነው አለች። ደስ አለኝ፣ እውነት ነው ደስ አለኝ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ በዚህ ክረምት ደረቴ ቀለል አለኝ። ምስጋናዋን እየጠበቅኩ ነበር።

«ለፈንታሁን ግን ከለከሉት» አለች።

«ምን?»

«ሊቀመንበሩ ነዋ። የመንግሥት ሥራ ያበላሸ የመንግሥት ዘር አይቀበልም ብሎ። ወረቀቶቹንም ከግድግዳው አስወረደው። ሰውዬው ከቤት መውጣት ትቷል። እኔ ካለችኝ ልቆንጥርለት ብል፣ ‹እኔ አገር ያሳፈርኩ ነኝ፣ አልወስድም› አለኝ።» ቀጥላም «አንቺ ለማን ምን ብለሽ ነው?» አለች።

ኔትወርኩ ተቋረጠ። አልተቋረጠም፣ እኔ ነኝ የዘጋሁት።

ያ ሊቀመንበር! እንግዳ በመጣ ቁጥር እየጎተተ የሚወስድባቸውን ሰውዬ! ራሱ አይደል ተረተሩ ያሳፍረናል ያለው? ከሱ የባሰ ቆሻሻ ሰው የለም። ነገ ዶክተር አስናቀን አናግራለሁ። ኮሚቴውንም አናግራለሁ። ለአንድ ሰው የሚበቃ ዘር ከየትም ይገኛል።

ጳጉሜን 4

ዶክተር አስናቀ «የተዘጋ ነገር አትክፈቺ» አሉ። ከበዓል በኋላ እንነጋገራለን አሉ።

እሺ አልኩ።

መስከረም 2

ጋፋት ቤተሰብ ዘንድ ዋልኩ። አባቴ ሥራሽ እንዴት ነው አለኝ። ድርቅ እንለካለን አልኩት። «ተባረኪ» አለኝ። ቶሎ ተመለስኩ።

እስካሁን ለኮሚቴው አልደወልኩም። አፈሩ ስንት ቀን ይታገሣል? ይህን የምጠይቀው እኔ ነኝ፣ ሥራዬ ይህ የሆነ ሰው።

መስከረም 7

ዛሬ ጠዋት ዘበኛው «ሰዎች ይፈልጉሻል» አለኝ። ወጣሁ።

አቶ ፈንታሁን በር ላይ ቆመዋል። ከኋላቸው ሁለት ሽማግሌዎችና አንድ መስቀል የያዙ ቄስ አሉ። ከወርቄ አምባ እብናት በእግር፣ ከእብናት በሚኒባስ። ነጭ ጋቢ ለብሰዋል፣ የበዓል ጋቢ። አቶ ፈንታሁን አንገታቸው ላይ ድንጋይ ተሸክመዋል።

መጀመሪያ አልገባኝም። ሊከሱኝ መጡ ብዬ ፈራሁ። የሚገርመው፣ ደስም አለኝ፤ በቃ፣ አሁን ይነገራል አልኩ።

ትልቁ ሽማግሌ ጀመሩ። «ልጃችን፣ እኛ የመጣነው ለእርቅ ነው። ይህ ወንድማችን ባለማወቅ የደከምሽበትን ሥራ አበላሽቶብሻል። በቀበሌው ፊት አምኗል። ሰው ነው፣ ይሳሳታል። በሰማይ በምድሩ ብለሽ ማሪው።»

አቶ ፈንታሁን ጎንበስ እንዳሉ ናቸው። ከአባቴ ዕድሜ የሚበልጡ ሰው እግሬ ሥር ጎንበስ ብለዋል። «ልጄ፣ ለክፋት አይደለም» አሉ። «ያንቺን ስም አጥፍቼ ከምኖር ብዬ ነው የመጣሁ። እንጀራሽን ዘጋሁብሽ እንዴ? እሱ ነው እንቅልፍ የነሣኝ።»

ምግቡ እርጥበት ነው ብለሽኝ ነበር አላሉም። አንዴም አላሉም። የረሱት መስሎኝ ዓይናቸውን አየሁ፤ አልረሱም። እንደ ነውር ቆጥረው ነው ያላነሡት፣ እኔን ላለማሳፈር።

ከኋላዬ ዶክተር አስናቀ በረንዳው ላይ ወጥተው ነበር። ጸሐፊዋም፣ ዘበኛውም። ሙሄ ከመኪናው ኮፈን ሥር ቀና ብሎ እያየኝ ነው፣ እጁ በዘይት ጠቁሯል። ሁሉም ይጠብቀኛል። አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር የሚያስፈልገው። ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር፣ እምላለሁ ደርሶ ነበር።

«አያችሁ፣ ባህላችን እንዴት ደስ ይላል» አሉ ዶክተር አስናቀ። «በይ እንጂ አዲስዓለም፣ ሽማግሌ አይቆምም።»

ስለ ዘሩ ማንም አላነሣም። አቶ ፈንታሁንም፣ ሽማግሌዎቹም። እኔም አላነሣሁም።

«ይቅር ብያለሁ» አልኩ።

ድንጋዩን አወረዱላቸው። አቶ ፈንታሁን ቀና ሲሉ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር፣ እፎይ አሉ፣ ጉልበቴን ሊስሙ ጎንበስ ሲሉ ወደ ኋላ ሸሸሁ። ቄሱ መስቀሉን አሳለሙኝ። ሽማግሌው እጃቸውን ዘርግተው መረቁኝ፦ እውነት ተናጋሪ ያድርግሽ፣ የሰው መከታ ያድርግሽ፣ ዘርሽ ይለምልም አሉ።

አሜን አልኩ።